ምዕራፍ ሰባት፦ መቃኑና ሳንቃው

በዓይን ሕክምና ውስጥ ታካሚንም ሐኪምንም እኩል የሚያስከፋ አንድ ዓይነት ውጤት አለ። ኮርኒያዋ በጠባሳ ነጥቶ የኖረ አንዲት ሴት ንቅለ ተከላ ተደረገላት እንበል። ከወራት በኋላ ሐኪሟ በማይክሮስኮፕ ሲመረምራት አዲሱ ኮርኒያ ጥርት ብሏል። እብጠት የለም፣ ኢንፌክሽን የለም፣ ሰውነቷም እንግዳውን ሥጋ አልተቃወመውም። መዝገቧ ላይ «የተሳካ» ተብሎ ይጻፋል። እሷ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት መለየት ያቅታታል። ፊደላቱ ወደ አንድ ጎን ተጎትተው፣ ጥላ አውጥተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያታል። መነጽር ሲቀየርላት ትንሽ ይሻላል እንጂ አይጠራም።

የዚህች ሴት ችግር ያለው ኮርኒያው መሃል ላይ አይደለም፤ ጠርዙ ላይ ነው። አዲሱ ኮርኒያ ከአሮጌው ጋር የተጋጠመበት፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆን ቀለበት የዓይኗን ቅርጽ አጣሞታል። ሌዘር ወደ ኮርኒያ ንቅለ ተከላ የገባው በዋናነት ለዚህ ጠርዝ ሲባል ነው። ብዙ ሰው ሌዘር ሲባል «ከቢላ የበለጠ ስለት» አድርጎ ያስበዋል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ግን ትልቁ ነገር የስለቱ ቅጥነት ሳይሆን የሚያወጣው ቅርጽ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ ነው።

ስለ ኮርኒያ በሦስተኛው ምዕራፍ በሰፊው አይተናል። ለማስታወስ ያህል፣ ኮርኒያ ከዓይናችን ፊት ለፊት ያለው ግልጽ ሽፋን ነው፤ በአገራችን «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰውም እሱ ነው። ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ውፍረቱ መሃሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አይዘልም። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን አጥፎ አንድ ነጥብ ላይ ከማሳረፉ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራው ኮርኒያ ነው። ስለዚህ መጥራቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቅርጹም መስተካከል አለበት። የጠራ ግን የተጣመመ ኮርኒያ ብርሃን ያስገባል እንጂ ጥሩ ምስል አይሠራም።

ከኮርኒያ ንብርብሮች መካከል ለዚህ ምዕራፍ ሁለቱን ብቻ እንያዝ። አንደኛው ከውፍረቱ ዘጠና በመቶውን የሚይዘው ስትሮማ ነው፤ በሥርዓት የተደረደሩ የኮላጅን ክሮች ናቸው። ሁለተኛው ከሁሉም ሥር ያለው፣ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የሆነው ኢንዶቴሊየም ነው። ሥራው ከስትሮማ ውኃ እየሳበ ማስወጣት ነው። የሰው ኢንዶቴሊየም ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም፤ ቁጥራቸው በጣም ሲቀንስ ኮርኒያው ውኃ ይቋጥርና ይነጣል።

ከኦሎሞውትስ የመጣው ክብ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባሉ የዓይን ሐኪም በኦሎሞውትስ ከተማ አንድ የቀን ሠራተኛ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ከተማዋ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች፤ ያኔ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ነበረች። ታካሚው አሎይስ ግሎጋር ኖራ ሁለቱንም ዓይኖቹን አቃጥሎት ማየት ተስኖት ነበር። ተተኪው ኮርኒያ የተገኘው፣ ብረት ገብቶበት ዓይኑ ሊተርፍ ካልቻለ አንድ ልጅ ነው። ከግሎጋር ሁለት ዓይኖች አንደኛው ከሸፈ፣ ሁለተኛው ጠርቶ ቀረ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። በሙሉ ውፍረቱ የተተከለ የሰው ኮርኒያ ጠርቶ ሲዘልቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

ዚርም የተጠቀሙበት መሣሪያ ትሬፋይን ይባላል፤ ጫፉ ስለት የሆነ ክብ ቱቦ ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፎን ሂፕል ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በሰዓት ሞተር የሚሽከረከር ትሬፋይን ሠርተው ነበር። ቱቦው ኮርኒያው ላይ ያርፍና ይሽከረከራል፤ ክብ ቁራጭ ይወጣል። ከለጋሹም በተመሳሳይ መንገድ ክብ ቁራጭ ይወጣና በቦታው ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ በፍጥነት ልለፈው። በ1930ዎቹ ቭላዲሚር ፊላቶቭ በኦዴሳ ከሟቾች የተወሰደ ኮርኒያ እንደሚሠራ በብዙ ታካሚዎች አሳዩ። በ1944 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው የዓይን ባንክ ተቋቋመ። የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ መጣ፣ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነ የናይሎን ክር መጣ፣ የሰውነትን ተቃውሞ የሚያበርዱ ጠብታዎች መጡ። በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ፤ እሱም ትሬፋይኑ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ክብ ነው። ዛሬም በብዙ የዓለም ሆስፒታሎች ተተኪው ኮርኒያ ተቆርጦ የሚወጣው በመሠረቱ ዚርም ባወጡበት መንገድ ነው።

እርከን የሌለው መቃን

የቤት በር እናስብ። ጥሩ አናጢ በር ሲገጥም ሳንቃውን በክፍተቱ ልክ ቆርጦ ዝም ብሎ አይወትፈውም። መቃኑ ላይ ዙሪያውን እርከን ያወጣል፤ ሳንቃው ሲዘጋ ከእርከኑ ጋር ገጥሞ ይቆማል። ሳንቃው ወደ ፊትም ወደ ኋላም የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚወስነው እርከኑ ነው። እርከን በሌለው መቃን ውስጥ ግን ሳንቃውን የሚያቆመው ምስማር ብቻ ነው። አንዱ ምስማር ከሌላው ከጠበቀ ሳንቃው ወደዚያ ያዘነብላል፤ ከላላ ደግሞ ነፋስ ይገባል።

በትሬፋይን የተቆረጠ ኮርኒያ እርከን የሌለው መቃን ነው። የቀዳዳው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የተተኪውም ጠርዝ እንደዚያው። ሁለቱን የሚያገናኝ ስፌት ብቻ ነው። ሐኪሙ በተለምዶ 16 ነጠላ ስፌቶችን ዙሪያውን ይሰፋል፤ ወይም አንድ ረጅም ክር እያመላለሰ ያዞራል። አንዱ ስፌት ትንሽ ጠለቅ ቢል፣ ሌላው ትንሽ ጠበቅ ቢል፣ ተተኪው በአንድ በኩል ከባለቤቱ ኮርኒያ በጥቂት ማይክሮን ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህችው ትንሽ ልዩነት የኮርኒያውን ጉብታ ትጎትተዋለች፤ በአንድ አቅጣጫ ይሾላል፣ በሌላው ይዘረጋል። የዓይን ሐኪሞች አስቲግማቲዝም የሚሉት ይህን ነው። በተለመደው ንቅለ ተከላ በብዙ ጥናቶች የሚታየው አማካይ ከ4 እስከ 5 ዳዮፕተር ነው። ዳዮፕተር የመነጽር መለኪያ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለችው አስቲግማቲዝም ከ1 ዳዮፕተር በታች መሆኗን ስናስብ ይህ በጣም ብዙ ነው። መግቢያው ላይ ያነሳኋት ሴት የምታየው የተጎተተ ፊደል መነሻው እዚህ ነው።

በዚህ ላይ ኮርኒያ ደም ስር የለውም። ለግልጽነቱ የከፈለው ዋጋ ነው፤ ቁስሉ የሚድነው በጣም በዝግታ ነው። ቆዳ በሳምንታት የሚያደርገውን ኮርኒያ በዓመት ይጨርሳል። ስለዚህ ስፌቱ ብዙ ጊዜ ዓመትና ከዚያ በላይ ዓይን ውስጥ ይቆያል። ከወጣም በኋላ መጋጠሚያው የጤናማ ኮርኒያን ጥንካሬ ፈጽሞ አያገኝም። ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ቡጢ፣ በአንድ የከብት ቀንድ ወይም በአንድ መውደቅ መጋጠሚያው የተከፈተባቸው ሰዎች አሉ።

ታዲያ ሐኪሞች ለምን እርከን አላወጡም? ሞክረዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሐኪም ማሲሞ ቡዚን ኮርኒያውን ንብርብር በንብርብር በእጅ እየለየ ጠርዙን ባለ እርከን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ይህን ልብ ብለን እንያዘው፤ የእርከኑ ሐሳብ ሌዘርን የግድ አይልም። ነገር ግን ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው እርጥብና ለስላሳ ሥጋ ውስጥ፣ በለጋሹም በታካሚውም ላይ ተመሳሳይ ልክ ያለው እርከን በእጅ ማውጣት እጅግ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ቢላ ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚገባው፤ ላዩን ሳይከፍት ውስጡን ሊቆርጥ አይችልም።

ላዩን ሳይነካ ውስጡን የሚቆርጥ

በምዕራፍ አምስት ስለ ኤክሳይመር ሌዘር ስናወራ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የምስጋና ቀን ማግስት ከተረፈው የቱርክ ዶሮ ቁራጭ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አይተናል። ኤክሳይመር የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ያረፈበትን ገጽ በስሱ እየላጠ ያነሳል። ሥራው ግን ከገጽ አይዘልም፤ ወደ ውስጥ ሳይላጥ አይገባም።

የዚህ ምዕራፍ ሌዘር ሌላ ነው፤ ፌምቶሰከንድ ሌዘር ይባላል። ስሙ የመጣው ከጊዜ መለኪያ ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ከአንድ ሰከንድ ጋር ያለው ንጽጽር፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጋር እንዳለው ነው። በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎሜትር የሚጓዘው ብርሃን በአንድ ፌምቶሰከንድ የሚሄደው ከአንድ ማይክሮን ሲሶ በታች ነው። ሌዘሩ ብርሃኑን የሚልከው ሳያቋርጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው በመቶዎች የሚቆጠር ፌምቶሰከንድ ብቻ የሚቆዩ ብልጭታዎች አድርጎ ነው።

ማጠሩ ለምን ጠቀመ? ብርሃኑ ኮርኒያ ሊያስቆመው የማይችል ዓይነት ነው። ዓይን የማያየው፣ ከቀይ ቀለም ቀጥሎ የሚገኝ ኢንፍራሬድ ስለሆነ በግልጹ ሥጋ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ነገር ግን በሌንስ ተሰብስቦ በኮርኒያው ውስጥ ጥቂት ማይክሮን ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ሲያርፍ፣ ያ ሁሉ ኃይል በእጅግ አጭር ቅጽበትና በእጅግ ጠባብ ቦታ ይጠራቀማል። በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ሥጋ ወደ ፕላዝማ ማለትም አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ወደ ለቀቁበት ጋዝ ይቀየራል፤ ከዚያም ጥቃቅን አረፋ ይሆናል። ከነጥቡ በላይም በታችም ያለው ሥጋ ሳይነካ ይቀራል። የአንዱ ብልጭታ ኃይል ሲለካ በጣም ትንሽ ስለሆነና ሙቀቱ ወደ ጎን የሚስፋፋበት ጊዜ ስለማያገኝ ዙሪያው አይቃጠልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው። ማሽኑ በሰከንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ብልጭታዎችን ይልካል፤ በአንዳንዶቹ ማሽኖች ቁጥሩ 150 ሺህ ይደርሳል። አንዱ አረፋ ከሌላው ጎን እየተሰደረ ሲገጣጠም ሥጋው በዚያ መስመር ይለያያል። መስመሩ ክብ ሊሆን ይችላል፣ ጠፍጣፋ፣ ዘንባላ፣ እርከን። አንድ የምወደው ዝርዝር እዚህ ጋ አለ፤ ሌዘሩ መቁረጥ የሚጀምረው ከሥር ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቢጀምር የራሱ አረፋዎች ለሚቀጥለው ብርሃን መንገድ ይዘጉበታል።

ይህ ብርሃን ወደ ዓይን ሕክምና የገባው በአደጋ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ዤራር ሙሩ እና ዶና ስትሪክላንድ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ አጭር ብልጭታን መሣሪያውን ሳይሰብር ማጉላት የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ። ብልጭታውን መጀመሪያ በጊዜ ይስቡታል፤ ተስቦ ሲደክም ያጎሉታል፤ ከዚያ መልሰው ያሳጥሩታል። በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከአርተር አሽኪን ጋር ተካፍለዋል። ሙሩ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቤተ ሙከራቸው ይሠራ የነበረ አንድ ተማሪ መሣሪያ ሲያስተካክል ሌዘሩ ዓይኑን መታው። ያየው ወጣት የዓይን ሐኪም ሮን ከርትዝ ነበር። ከርትዝ በተማሪው ዓይን ውስጥ ያገኘው ጉዳት ቀድሞ ካያቸው የሌዘር ጉዳቶች የተለየ፣ ጠርዙ እጅግ የተስተካከለ ነበር። ይህን ያህል ንጹሕ የሚቆርጥ ነገር ለምን ለሕክምና አይሆንም ብሎ ጠየቀ። ከፊዚክስ ባለሙያው ቲቦር ዩሃስ ጋር የጀመሩት ሥራ በ1997 ወደ ኩባንያ አደገ። መጀመሪያ ለመነጽር ማስወገጃው ቀዶ ሕክምና ዋለ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ለሙሉ ንቅለ ተከላ።

ቆብ፣ እንጉዳይና ዚግዛግ

ከላይ የተነሣው መቃን አሁን እርከን ሊያገኝ ነው። ሐኪሞቹ ለእርከኖቹ ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ ባለ ክፈፍ ቆብ ነው፤ ተተኪው ከላይ ጠባብ፣ ከሥር ሰፊ ይሆናል። ለምሳሌ ከላይ 7፣ ከሥር 9 ሚሊሜትር። ሌላው እንጉዳይ ነው፤ የቆቡ ግልባጭ፣ ከላይ ሰፊ ከሥር ጠባብ። ሦስተኛው ዚግዛግ ሲሆን ጠርዙ በሰያፍ ገብቶ፣ ጠፍጣፋ ሄዶ፣ እንደገና በሰያፍ ይወርዳል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አርቫይን ያስተምሩ የነበሩት ሮጀር ስታይነርት ይህን ቅርጽ ካስተዋወቁት መካከል ነበሩ።

የትኛው ለማን ይሆናል የሚለው ምርጫ የበሽታው ጉዳይ ነው። የታመመው ኢንዶቴሊየሙ ከሆነ ታካሚው የሚፈልገው ብዙ አዲስ ኢንዶቴሊየም ነው፤ ያኔ ቆቡ ይመረጣል። ሥሩ 9 ሚሊሜትር የሆነ ተተኪ ሥሩ 7 ከሆነው ይልቅ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ የኢንዶቴሊየም ስፋት ይዞ ይገባል። የቆቡ ሌላ ጥቅም ከበሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ግፊት አለ፤ ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሰፊው የቆቡ ክፈፍ ከውስጥ በኩል ስለሆነ ግፊቱ ክፈፉን ከእርከኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከቤት ውስጥ ሲገፉት መቃኑ ላይ ይበልጥ እንደሚጠብቅ ሳንቃ። በላቦራቶሪ በተደረጉ ሙከራዎች እንዲህ ያለ መጋጠሚያ መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት የቻለው ግፊት ቀጥ ያለው ከሚችለው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር።

የታመመው ላይኛው ክፍል ሆኖ ኢንዶቴሊየሙ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ እንጉዳዩ ይሻላል። ለምሳሌ ኬራቶኮነስ በሚባለው በሽታ ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ይወጣል፤ ኢንዶቴሊየሙ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። እንጉዳዩ ከላይ ሰፊ ስለሆነ የሳሳውን ሥጋ በብዛት ይተካል፤ ከሥር ጠባብ ስለሆነ የታካሚው የራሱ ኢንዶቴሊየም አብዛኛው በቦታው ይቀራል። የራስ ሕዋስ ደግሞ በራስ ሰውነት አይጠቃም።

ከሌዘሩ ክፍል እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል

ቀኑ የሚጀምረው ከለጋሹ ነው። ከዓይን ባንክ የመጣው ኮርኒያ ግፊት በሚሰጠው ሰው ሠራሽ መያዣ ላይ ይወጠርና በሌዘሩ ይቆረጣል። ከዚያ ታካሚው ይተኛል፤ ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። በቀስታ የሚስብ ቀለበት ዓይኑን ይዞ ያቆማል፤ ከሌዘሩ ጫፍ ያለ መስታወት ኮርኒያውን ተጭኖ ይተኛበታል። ያው የኮምፒውተር ልክ በታካሚው ላይ ይደገማል። መቁረጡ ራሱ ከደቂቃዎች አያልፍም።

አስቸጋሪው ነገር ሌዘሩ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ መገኘቱ ነው። ኮርኒያው ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ታካሚው በኮሪደር ሲገፋ ዓይኑ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሆን ብሎ ጥቂት አስር ማይክሮን የምታህል ያልተቆረጠች ድልድይ ይተዋል። ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮስኮፕ ሥር፣ ያቺን ድልድይ በእጅ ይለያታል፤ አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ በእርከኑ ላይ ይቀመጣል፣ ስፌቱም ይጀመራል። አዎን፣ ስፌት አሁንም አለ። ልዩነቱ ተተኪውን በቦታው የማቆሙን ሸክም ስፌቱ ብቻውን አለመሸከሙ ነው።

ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

ይህን ክፍል በጥንቃቄ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሌዘር የሚለው ቃል ተስፋ የማብዛት ልማድ አለውና። ሌዘርና ትሬፋይን ጎን ለጎን የታዩባቸው ጥናቶች ባብዛኛው የሚስማሙበት ነገር የሚከተለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሌዘር የተሠራላቸው ታካሚዎች አስቲግማቲዝማቸው ያነሰ ነው፣ ቁስሉ ቶሎ ይጠናል፣ ስፌትም ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ግን የማየቱ ልዩነት እየጠበበ ይመጣል፤ በአንዳንዶቹ ጥናቶች ከስድስት ወር በኋላ ጨርሶ ጠፍቷል። እኔ ከዚህ የማወጣው ፍርድ፣ እርከኑ ታካሚውን ቶሎ ወደ ሥራ የሚመልስና ጠንካራ መጋጠሚያ የሚሰጥ ነው፤ የመጨረሻውን ዕይታ በእጅጉ ያሻሽላል ግን አልልም።

ለዚህ ምክንያቶች አሉ። ኮርኒያው ሲቆረጥ በመስታወቱ ተጭኖ ጠፍጥፏል፤ ሲለቀቅ ወደ ጉብታው ይመለሳል። ጠፍጣፋ ሳለ ፍጹም ክብ የነበረው መስመር፣ በተለይ ኮርኒያው ቀድሞውንም ሾጣጣ ከሆነ፣ ሲመለስ ፍጹም ክብ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ጠባሳ ነው። ይህ ብርሃን የሚሠራው በጠራ ሥጋ ውስጥ ነው፤ ወፍራም ነጭ ጠባሳ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ሳይቆረጥ ይቀራል። ንቅለ ተከላ ከሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ደግሞ ኮርኒያቸው በጠባሳ የነጣ ነው። ሦስተኛው ዋጋው ነው፤ ማሽኑ ውድ ነው፣ ጥገናውም እንደዚያው።

የመጨመቁን ችግር ጀርመኖች በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በኤርላንገን ጎትፍሪድ ናውማን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በኋላም ተማሪያቸው ቤርቶልድ ዛይትስ፣ በኤክሳይመር ሌዘር ይቆርጡ ነበር። ኮርኒያው ላይ ክብ የብረት ጭንብል ይቀመጣል፤ ሌዘሩ ዓይኑን ሳይነካው በጭንብሉ ጠርዝ ዙሪያ ይዞርና ሥጋውን ከላይ እየላጠ ይወርዳል። ጭንብሉ ስምንት ጥርሶች አሉት፤ በለጋሹና በታካሚው ላይ ጥርስና ጎድጓዳ ሲተዋቸው አንዱ በሌላው ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስፌቶች የት እንደሚያርፉም ይታወቃል። ገጽን የሚልጥ ስለሆነ ጠባሳም አያስቆመውም። እርከን ግን አያወጣም።

ጠርዝ የሌለው ንቅለ ተከላ

ሌዘሩ ጠርዙን ሲያስተካክል ሌሎች ሐኪሞች ጠርዙን ጨርሶ ለማስቀረት ይሠሩ ነበር። የኔዘርላንዱ ሄሪት ሜለስ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ኢንዶቴሊየሙ ብቻ ለታመመ ሰው ሙሉ ኮርኒያ ለምን ይቀየራል በሚል ጥያቄ ተነሡ። በ2006 የደረሱበት ዘዴ ኢንዶቴሊየሙን ከተሸካሚ ስስ ሽፋኑ ጋር ብቻ ይተክላል። በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ ዓይን ውስጥ ይዘረጋል፣ በአየር አረፋ ተገፍቶ ከኮርኒያው ሥር ይጣበቃል። በተተኪው ላይ ስፌት የለም ማለት ይቻላል። የላይኛው ኮርኒያ ስለማይቆረጥ ቅርጹም አይጣመምም።

ፌምቶሰከንድ ሌዘር ለዚህ ዓይነቱ ስስ ተተኪ ሲሞከር ውጤቱ አላስደሰተም። ስሱን ቁራጭ ከለጋሹ ኮርኒያ ጥልቅ ክፍል ሲያወጣ ገጹ ሸካራ ይሆናል፤ ሸካራ ገጽ ደግሞ ብርሃን ይበትናል። በኔዘርላንድ በብዙ ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2009 የታተመ ጥናት ታካሚዎቹ አስቲግማቲዝማቸው ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ በመነጽር የሚደርሱበት ዕይታ ግን ከተለመደው ንቅለ ተከላ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ኢንዶቴሊየማቸው ብቻ ለታመመ ሰዎች የሜለስ መንገድ በብዙ አገሮች ዋነኛው ሆኗል። የሌዘሩ እርከን የሚያስፈልጋቸው ሙሉ ውፍረቱ መቀየር ያለበት ሰዎች ናቸው።

በእኛ አገር

በዓለም ላይ አንድ ኮርኒያ ሲገኝ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 70 ናቸው ይላል በ2016 የታተመው ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጠብቃሉ። በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልን መነሻ አድርጎ ሥራ ጀመረ። እንዲህ ባለ አገር ስለ ሌዘር እርከን መጨነቅ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ቅድሚያው ልገሳው መሆኑ አያከራክርም፤ ተተኪ ከሌለ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ትራኮማ ኮርኒያቸውን ያጠባሰባቸው ሰዎችም ሌዘሩ ቀዳሚ መፍትሔያቸው አይደለም። መጀመሪያ የተቀለበሰው ሽፋሽፍታቸው መስተካከል አለበት፤ ካልሆነ አዲሱንም ኮርኒያ ይፍቀዋል። ጠባሳቸው ውስጥ ደም ስር ከበቀለ ደግሞ ሰውነታቸው ተተኪውን የመቃወም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህን ማንኛውም ዓይነት ጠርዝ አይለውጠውም።

ነገር ግን አንድ ሌላ ታካሚ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይን አለርጂ ሲያሳክከው ዓይኑን ሲያሽ ያደገ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ኬራቶኮነሱ መነጽር ከማይመልሰው ደረጃ የደረሰ ወጣት። ኮርኒያው በአብዛኛው የጠራ ስለሆነ ብርሃኑ ያልፍለታል፤ ኢንዶቴሊየሙ ደህና ስለሆነ እንጉዳዩ የራሱን ሕዋሳት ያቆይለታል። ገና ብዙ ዓመት ከመጋጠሚያው ጋር ይኖራል፤ ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ለክትትል ደግሞ ከሩቅ ገጠር ይመጣል። ስፌቱ ከስድስት ወር በፊት ቢወጣ፣ መጋጠሚያው ለአንድ ክርን ምት ባይከፈት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። እርከን ያለው መቃን ከሁሉም ይልቅ የሚገባው ለዚህ ወጣት ይመስለኛል። ማሽኑ እስኪደርስም ቡዚን በእጅ ያሳየው መንገድ አለ፤ ሥልጠና ይጠይቃል እንጂ ሌዘር አይጠይቅም።

ለዚህ ወጣት ታናሽ ወንድም ደግሞ ከመቁረጥ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። ኬራቶኮነስ ገና ሲጀምር ከታወቀ፣ በቫይታሚን ቢ2 ጠብታ የራሰው ኮርኒያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት የኮላጅን ክሮቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ መሳሳቱም ይቆማል። በድሬስደን የተጀመረውን ይህን ዘዴ፣ እንዲሁም ልጆች ዓይናቸውን እንዳያሹ የሚደረገውን የአለርጂ ሕክምና በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን።